ለካሊብሬሽን የግድ ውድ የግፊት ምንጭ ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ በጅማ ከተማ በሚገኝ አንድ የጤና ተቋም ውስጥ የሕክምና መሣሪያዎች ጥገና ባለሙያ ነኝ። ባለ መርፌ የደም ግፊት መለኪያዎቻችን እርስ በርስ የማይስማማ ንባብ እየሰጡ ስላስቸገሩን፣ ካሊብሬት ለማድረግ ትክክለኛ የአየር ግፊት የሚያወጣ መሣሪያ ሳፈላልግ ቆይቻለሁ። የተፈለገውን ግፊት በራሱ አስተካክሎ የሚሰጠው ዓይነት ግን ከበጀታችን በላይ ነው። የወርክሾፓችንን ኮምፕረሰር በሬጉሌተር እየቀነስኩ ብጠቀምስ? በተጨማሪም ሰክሽን ማሽኖቻችን (ከሕመምተኛ ፈሳሽ የሚስቡት) በመመሪያቸው የተጻፈውን ቫኪዩም አይደርሱም፤ ተበላሽተው ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ግፊትን መፍጠር አንድ ሥራ ነው፤ የተፈጠረውን ግፊት መለካት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ዋጋው ያስደነገጥዎ መሣሪያ ሁለቱን በአንድ ሳጥን አጣምሮ የያዘ ነው። ካሊብሬሽን ግን ሁለት መለኪያዎችን በአንድ ግፊት ላይ አቁሞ ንባባቸውን ማነጻጸር እንደመሆኑ፣ ትክክለኛነት የሚፈለገው ለንጽጽሩ መሠረት ከሚሆነው ከማጣቀሻ መለኪያው ነው። ከአየሩ ምንጭ የሚጠበቀው እንዳይዋዥቅና በጥቂት በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ለማድረግ እንዲመች ብቻ ነው፤ ይህንንም ማስተካከያ ብሎን ያለው ጥሩ የእጅ ፓምፕ ይወጣዋል። ስለዚህ ያለዎትን ገንዘብ በማጣቀሻው ላይ ያውሉት።

ኮምፕረሰሩን ይተዉት። እንዲህ ያለው ማሽን አብዛኛውን ጊዜ እስከ 8 ባር፣ ማለትም እስከ 6,000 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይሞላል፤ የደም ግፊት መለኪያ የሚደርስበት ጣሪያ ደግሞ 300 ነው። ሬጉሌተሩ ለአፍታ ቢያመልጥ የሚፈተሸውም ማጣቀሻውም አብረው ይበላሻሉ። ባያመልጥም እንኳ ከአየሩ ጋር የሚመጣው ዘይትና እርጥበት ለመለኪያዎቹ አይበጅም።

ማጣቀሻው 0.1 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚያሳይና ስሕተቱ ከ0.8 የማይበልጥ ዲጂታል ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) ቢሆን ይመረጣል፤ ለደም ግፊት መለኪያ የሚፈቀደው ስሕተት በሁለቱም አቅጣጫ 3 ስለሆነ፣ ማጣቀሻው ከዚያ አራት እጥፍ ያህል የጠበቀ መሆን አለበት። በስክሪኑ ላይ ብዙ አኃዝ መታየቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ወቅታዊ የካሊብሬሽን ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል። ለዚህም አዲስ አበባ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ያነጋግሩ፤ መሣሪያውን ከመላክዎ በፊት ግን ከ0 እስከ 300 ባለው ክልል የሚሰጡትን የእርግጠኝነት ወሰን፣ ማለትም ልኬታቸው ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ይጠይቁ። ከፍተኛ ግፊት በትክክል የሚለካ ላቦራቶሪ ሁሉ ይህን ዝቅተኛ ክልል በዚያው ጥራት ይለካል ማለት አይደለም።

ፓምፑን፣ ማጣቀሻውንና የሚፈተሸውን መለኪያ በጎማ ቱቦና በመገጣጠሚያ ያገናኙ፤ በክንድ ላይ በሚጠመጠመው ጨርቅ (ከፍ) ፋንታም 500 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ ጠንካራ የብረት ዕቃ ያስገቡ። ጨርቁ ሲነፋ እየተለጠጠ ግፊቱን ስለሚያወርደው ለዚህ ሥራ አይመችም። እስከ 300 ነፍተው ይዝጉና አንድ ደቂቃ ያህል ይታገሡ። አየር ሲታመቅ ስለሚሞቅና ቆይቶ ስለሚቀዘቅዝ፣ በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች የሚታየው መውረድ ፍሳሽ ላይሆን ይችላል፤ ከዚያ በኋላም በደቂቃ ከ4 በላይ ከወረደ ግን መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና ውኃ ይፈትሹ። ቀጥሎ በየ50ው እየወረዱ መርፌውን በትክክል መስመሩ ላይ አቁመው ንባቡን ከዲጂታሉ ይውሰዱ። መርፌው 200 ላይ ቆሞ ዲጂታሉ 196.4 ካለ፣ መለኪያው 3.6 አብልጦ እያሳየ ነውና ከአገልግሎት ይውጣ። ከማንበብዎ በፊት መስተዋቱን በጣትዎ ቀስ አድርገው መታ መታ ያድርጉት። ዜሮ ላይ ማቆሚያ ያለው መለኪያ አያታልልዎ፤ መርፌው ዜሮ ላይ የተቀመጠው ማቆሚያው ይዞት ሊሆን ይችላል።

ማጣቀሻው እስኪገኝ ድረስ የውኃ ዓምድ ጥሩ ምስክር ነው። ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ በደረጃ ቤት ግድግዳ ላይ ዩ ቅርጽ አስይዘው ውኃ ይሙሉበትና በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት ይለኩ። 300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በመጻሕፍት ስሌት 4 ሜትር ከ8 ሴንቲ ሜትር ውኃ ነው። ጅማ ግን ለምድር ወገብ የቀረበችና ከፍታ ያላት ስለሆነች የስበት ፍጥነቷ ከመደበኛው በ0.3 በመቶ ያህል ያንሳል፤ ውኃውም በ25 ዲግሪ ትንሽ ይቀልላል። ሁለቱ ሲደመሩ ትክክለኛው ቁመት ወደ 4 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ይህን ማስተካከያ መዝለል ከ1.5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚበልጥ ስሕተት ያስከትላል፤ ይህም ከሚፈቀደው ከግማሽ በላይ ነው። በሴንቲ ሜትር ውኃ ለሚለኩት የቬንቲሌተርና የሲፓፕ (የመተንፈሻ አጋዥ መሣሪያዎች) ግፊቶች ደግሞ አንድ ሜትር ቱቦ ይበቃል፤ እዚያ ማስተካከያው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በውኃ ምትክ ሜርኩሪ ልጠቀም እንዳይሉ እንለምንዎታለን፤ መርዛማ ነው፣ ሜርኩሪን ለመቆጣጠር በተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነትም የሜርኩሪ ደም ግፊት መለኪያዎችን ማምረት፣ ወደ አገር ማስገባትና ወደ ውጭ መላክ እ.ኤ.አ. በ2020 እንዲቆም ተወስኗል።

ኤሌክትሮኒክ መለኪያዎችን በዚሁ መንገድ ለመፈተሽ ግፊትን ብቻ ወደሚያሳዩበት የማኖሜትር ሁነታ ማስገባት ያስፈልጋል፤ አገባቡ በጥገና መመሪያቸው ላይ አለ። በዚህ የሚረጋገጠው ግን የግፊት ሴንሰሩ ብቻ ሲሆን፣ ከደም ሥር ምት ተነሥተው የሚያሰሉት ውጤት የተለየ ፍተሻ ይፈልጋል።

ሰክሽን ማሽኖቹ ምናልባት ጤነኞች ናቸው። ቫኪዩም ከከባቢ አየር በታች የሚቆጠር በመሆኑ ማሽኑ ካለው አየር በላይ ሊስብ አይችልም። በባሕር ጠለል 760 የሆነው የአየር ግፊት ጅማ ላይ 620 ገደማ ነው። ስለዚህ 680 የተጻፈበት ማሽን የቱቦው ጫፍ ተደፍኖ ከ540 እስከ 560 ባለው ውስጥ ከደረሰ አይክፈቱት። ከዚያ በብዙ ካነሰ መጀመሪያ የጠርሙሱን ክዳን ጎማ፣ ቀጥሎ ማጣሪያውንና ቱቦውን ይዩ፤ ፓምፑን የሚፈቱት እነዚህ ደህና ሆነው ሲገኙ ብቻ ነው።