መልስ፦ ጦሳ ግርጌ ኔትወርክ ለሚጠፋበት

«ደሴ ቤቴ ውስጥ ጥሪ ይቆራረጣል፣ 09ን (ኢትዮ ቴሌኮምን) ትቼ ወደ ሳፋሪኮም ልዙር?» ላልከው፣ ወንድሜ አትቸኩል። መጀመሪያ ሴቲንግ፣ «ስለ ስልኩ»፣ ከዚያ የሲም ሁኔታ ውስጥ ግባ፤ የሲግናል ጥንካሬ የሚል ቁጥር አለ። በፎርጂ ኔጌቲቭ 90 አካባቢ ከሆነ ደህና ነው፤ ኔጌቲቭ 115 ከደረሰ ጥሪ መቆራረጡ አይቀርም። የጦሳ ተራራ ሞገዱን ስለሚጋርድ መስኮት ዳርና ጓዳ እንኳ ይለያያሉ፣ ሁለቱንም እይ።

ከዚያ የጓደኛህን 07 (የሳፋሪኮም) ሲም ተውሰህ በራስህ ስልክ፣ እዚያው ቦታ፣ ማታ መስመር ሲጨናነቅ ሞክረው። ቢሻልም 09ኙን አትጣል፤ ቴሌብርህና የባንክ መልእክትህ እሱ ላይ ነው። ስልክህ ባለሁለት ሲም ከሆነ 07ን ለጥሪና ለዳታ አድርገው፣ 09 መልእክት ይቀበል፤ አጭር መልእክት በደካማ ሲግናልም ይገባል። ችግሩ ጥሪ ብቻ ከሆነ ግን ኔትወርኩን ወደ ስሪጂ ዝቅ አድርገህ እየው፣ ኢንተርኔቱ ቢንቀራፈፍም።