ስልኩ ያለው ንፋስ እና አውድማው ላይ ያለው ንፋስ

ጥያቄ፦ ከዘጌ ባሕር ዳር በታንኳ እመላለሳለሁ። የስልኩ ትንበያ «ንፋስ 12፣ ድንገተኛ 30» ይላል። የቱን ልመን?
አንባቢ፣ ከዘጌ

መልስ፦ ሁለቱንም፤ የሚለኩት ግን የተለያየ ነገር ነው። 12 የሚለው በሰዓት ኪሎ ሜትር ሆኖ፣ ከመሬት 10 ሜትር ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ንፋስ የ10 ደቂቃ አማካይ ነው። 30 የሚለው ደግሞ በመሃል ለ3 ሰከንድ ያህል ብቻ በርትቶ የሚያልፈው ነው። ታንኳ የሚገለብጠው ይኸኛው ነው። የንፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ከ12 ወደ 30 ሲዘል ከስድስት እጥፍ ያልፋል። ስለዚህ ልነሳ ወይስ ልቅር ሲሉ ሁለተኛውን ቁጥር ይዩ።

ከዚያ አቅጣጫውን። ጣና ከሰሜን እስከ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ንፋስ ረጅም ውሃ ላይ በሮጠ ቁጥር ማዕበሉ ስለሚያድግ፣ የሰሜን ንፋስ ትልቁን ማዕበል የሚያራግፈው በእናንተው ዳርቻ ነው። የደቡብ ንፋስ ሲሆን በባሕር ዳር በኩል ውሃው ዳር ዳሩን ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ይህ ጸጥታ ያታልላል፣ የደከመ ቀዛፊን ወደ መሃል ይገፋልና። ቀን ፀሐይ የብሱን ከሐይቁ ቀድማ ስለምታሞቅ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነሳል፤ ሌሊት ይገለበጣል። ሸክም ካለዎት በጠዋት ይሻገሩ።

ጥያቄ፦ ጤፍ ለማዝራት ትንበያ አይቼ ስወጣ አውድማው ላይ ሌላ ንፋስ አገኛለሁ። ደግሞም «ምሥራቅ» ይልና ቀስቱ ወደ ምዕራብ ያሳያል።
አንባቢ፣ ከቢቸና

መልስ፦ ቀስቱ አልተሳሳተም። ንፋስ የሚጠራው በመጣበት ነው፤ ቀስቱ ግን በአብዛኛው የሚሄድበትን ያሳያል። በቁጥር ከተጻፈ 90 ከምሥራቅ፣ 180 ከደቡብ፣ 270 ከምዕራብ፣ 360 ከሰሜን ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው። ዓለም አቀፍ ትንበያዎች አገሩን ከ9 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ጎን ባላቸው ቁራጮች ከፍለው ለእያንዳንዱ አንድ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ሸንተረሩም ሸለቆውም እዚያው ውስጥ ይጠቀለላል። ከጮቄ ተራራ ሌሊት የሚወርደው ቀዝቃዛ አየርና ቀን ከዓባይ ሸለቆ የሚወጣው ሞቃት አየር በዚህ ቁጥር ውስጥ በደንብ አይታዩም። ሁለተኛው ከፍታ ነው። ገላጣ ሜዳ ላይ በሰው ቁመት የሚገኘው ንፋስ በ10 ሜትር ከተለካው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ባሕር ዛፍ ከከለለው ከዚያም ያንሳል።

ስለዚህ ትንበያውን ቀን ለመምረጥ ይጠቀሙበት፤ ሰዓቱን አውድማው ላይ ይወስኑ። ቀጭን የፌስታል ቁራጭ በረጅም እንጨት ጫፍ አስረው አውድማው መሃል ይትከሉና 10 ደቂቃ ይመልከቱ። ወደ አንድ ወገን ሳይወድቅ ከተዘረጋ መንሹን ያንሱ። እየወደቀ ድንገት የሚወነጨፍ ከሆነ ይቆዩ፤ ሺህ ፍሬው አንድ ግራም የማይሞላ ጤፍ ከእብቁ ጋር ይሄዳል። ክምሩን ደግሞ ለንፋሱ አግድም ያድርጉት፤ በንፋሱ መስመር ከሆነ የአንዱ ጫፍ እብቅ የሌላውን ጫፍ የተጣራ ጤፍ መልሶ ያለብሰዋል።

ጥያቄ፦ አንዱ ትንበያ 5፣ ሌላው 10፣ ሦስተኛው 18 ይላል። ሰዓቱም አይገጥምልኝም።
አንባቢ፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ አንድ ንፋስ ነው። 5 ሜትር በሰከንድ፣ 18 ኪሎ ሜትር በሰዓት እና 10 ኖት (የመርከበኞች የፍጥነት መለኪያ) ገደማ እኩል ናቸው። ሜትር በሰከንዱን በ3.6፣ ኖቱን በ1.85 ቢያባዙ ኪሎ ሜትር በሰዓት ያገኛሉ። ሰዓቱ በዓለም አቀፍ አቆጣጠር (UTC ተብሎ የሚጻፈው) ከሆነ 3 ይደምሩ፣ ከዚያ ወደ እኛ ለማምጣት 6 ይቀንሱ፦ 12፡00 የሚለው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው።

በሚያዝያና በግንቦት ግን ከነጎድጓድ ደመና ሥር የሚወጣውን ንፋስ የትኛውም ትንበያ ቦታና ደቂቃ ቆርጦ አይነግርዎትም። ደመናው ከጠቆረና ንፋሱ በድንገት ዞሮ ከቀዘቀዘ ዝናቡ ወይም በረዶው ደረሰ ማለት ነው፤ ጣሪያ ላይ ያልተመታ ቆርቆሮ ካለ አውርደው ድንጋይ ይጫኑበት።