መልስ፦ የያማሃ ኤስጂ 2000 አንገት መጋጠሚያ የት አለ?
ጤና ይስጥልኝ። በጊታርዎ ጀርባ አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን መጋጠሚያ ፈልገው እንዳጡና ክብደቱም እንዳስገረመዎ ጽፈዋል። መጋጠሚያውን ያጡት ስለሌለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ይህ ጃፓን ሠራሽ ጊታር አንገቱ በብሎን የታሰረ ወይም በሙጫ የተሰካ ሳይሆን፣ ከራስጌው ተነሥቶ በአካሉ መካከል እስከ ታችኛው ጫፍ የሚዘልቅ ዘንግ ነው፤ ማሆጋኒ ከሚባል እንጨት የተሠሩ ክንፎች በግራና በቀኝ ተለጥፈውበት፣ ከላይ ደግሞ ጎበጥ ተደርጎ የተቀረጸ ሜፕል የሚባል እንጨት ተደርቦበታል። የዘንጉ እምብርትም ሜፕል በመሆኑ፣ ከላይኛው ሜፕል ጋር ሲገጥም የላቲኑን «ቲ» ፊደል ቅርጽ ይሠራል።

ለክብደቱ እንጨቱ ብቻ ተጠያቂ አይደለም፤ ከብሪጁ (አካሉ ላይ ክሮቹን ከሚደግፈው ክፍል) ሥር የተቀበረ የነሐስ ቁራጭም አለ። ጊታር ተጫዋቹ ካርሎስ ሳንታና ቀደም ሲል የወጣውን የያማሃ ጊታር ኤስጂ 175 ከሞከረ በኋላ፣ ድምፁ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይ ከበድ ያለ ጊታር በመጠየቁ የተገኘ መፍትሔ ነው። ስለዚህ «ላቅልልልዎ» የሚል ጠጋኝ ቢገጥምዎ፣ እኔ ብሆን ጊታሩን ይዤ እመለሳለሁ።

በዚያው ዓመት የወጣው ኤስጂ 1000 ከሩቅ ሲታይ መንትያው ይመስላል፤ ነገር ግን አንገቱ በሙጫ የተሰካ ስለሆነ አንድ ብልህ ባለሙያ ነቅሎ ሊተካው ይችላል። የእርስዎ ግን አንገቱ ክፉኛ ከተጣመመ የሚነቀል ነገር የለውም፤ በመሆኑም ክር ከመቀየርዎ በፊት የአንገቱን ቀጥታነት ከራስጌው በኩል አነጣጥረው ይመልከቱ።