የወላጆቻችን የጤና መድን በአሜሪካ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

አሜሪካ ውስጥ አረጋውያንን ፎርም በማስሞላት ዓመታት አሳልፌአለሁ። ስለ ወላጆቻችሁ ሜዲኬርና ሜዲኬይድ ለጠየቃችሁኝ የማውቀውን እነሆ። ሜዲኬር በዋናነት ዕድሜያቸው 65 ለሞላ፣ ሜዲኬይድ ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን ነው።

ጥያቄ፦ ከእናቴ ጡረታ ላይ በየወሩ የሜዲኬር ክፍያ ይቆረጣል። የሚተርፋት ለቤት ኪራይ እንኳ አይበቃም። ብታቋርጠውስ?

መልስ፦ በፍጹም እንዳያቋርጡት! የሐኪም ወጪ የሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል ቢ እ.ኤ.አ. በ2026 መደበኛ ክፍያው በወር 202.90 ዶላር ነው። አቋርጠው ቆይተው ልመለስ ቢሉ፣ ያለ ሽፋን ላለፈው ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርባቸዋል፤ ቅጣቱም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይከተላቸዋል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ግን ይህን ክፍያ ስቴቱ የሚከፍልበት የሜዲኬር ቁጠባ ፕሮግራም አለ። ማመልከቻው የሚቀርበው ለስቴቱ የሜዲኬይድ ቢሮ ነው። የሚኖሩበት የራሳቸው ቤትና አንድ መኪና እንደ ሀብት አይቆጠሩባቸውም። ከተቀበሏቸው የመድኃኒት ወጪ የሚቀንሰው «ኤክስትራ ሄልፕ» ያለ ሌላ ማመልከቻ አብሮ ይመጣል። ይህን የነገራቸው ጠፍቶ የደም ግፊት ክኒን ለሁለት ገምሰው የሚውጡ እናቶች አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ነገ ሳትሉ አመልክቱላቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ ግሪን ካርድ አላቸው፤ እዚህ ግን ሠርተው አያውቁም። እኔ 15 ዓመት ግብር ከፍያለሁ፤ ሜዲኬር እንዲያገኙ ለእርሳቸው አይቆጠርም?

መልስ፦ የልጅ ሥራ ለወላጅ አይቆጠርም፤ የትዳር ጓደኛ ሥራ ግን ሊቆጠር ይችላል። ዕድሜያቸው 65 ከሞላና አምስት ዓመት ሳያቋርጡ እዚህ ከኖሩ እየከፈሉ ሜዲኬር ውስጥ መግባት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ እናቴ አዲስ አበባ ከርማ ስትመለስ ሜዲኬሯ ተዘግቶ ጠበቃት። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ጡረታ ለማይቀበል ሰው ሂሳቡ በፖስታ ይመጣል፤ ከፋይ ከሌለ ይዘጋል። የጡረታና የሜዲኬር ምዝገባ ጉዳይ ወደሚይዘው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ፣ ፈጥናችሁ ደውሉ፣ ያልተከፈለበትንም ምክንያት አስረዱ። ካልተሳካ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 እንደገና መመዝገብ ይቻላል። ለወደፊቱ ክፍያው በቀጥታ ከባንክ እንዲቆረጥ አድርጉ። ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ስለማይከፍል፣ ከመሄዳቸው በፊት መድኃኒታቸውን አሟሉላቸው።

ጥያቄ፦ የአባቴን ሜዲኬይድ እንዘጋለን የሚል ደብዳቤ መጣ። ገቢያቸው አልተለወጠም!

መልስ፦ አንድ አባት ያልተከፈቱ ፖስታዎች በፌስታል ሞልተው ይዘውልኝ መጥተው ነበር። የሜዲኬይድ ማደሻው ፎርም ከሥር ተጣጥፎ ተገኘ፤ ቀኑ ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ገቢያቸው አልጨመረም፤ የእንግሊዝኛውን ደብዳቤ የሚያነብላቸው አጥተው ነው። የእናንተም እንዲህ ከሆነ ፎርሙን ዘግይቶም ቢሆን ሞልታችሁ ላኩ፣ ቅጂም አስቀሩ። ደብዳቤው ላይ የሚዘጋበት ቀን ተጽፏል፤ ከዚያ ቀን በፊት በጽሑፍ ይግባኝ ከጠየቃችሁ፣ ጉዳዩ እስኪታይ ሽፋኑ እንዲቀጥል ማድረግ ይቻላል። ብትሸነፉ በዚያ ጊዜ የወጣውን ወጪ ሊጠይቋችሁ ስለሚችሉ ይህንንም አስቡበት። እናንተ ሥራ ላይ ስትሆኑ አባታችሁ ራሳቸው ወደ ሜዲኬይድ ቢሮው መደወል ይችላሉ፤ አስተርጓሚ በነጻ ነው። ስልኩ ሲነሳ «አምሃሪክ» ብለው መስመሩን ሳይዘጉ ይጠብቁ።