ጋዝ ከማስሞላትዎ በፊት የበሩን ጎማ ይዩ

እንደምን ከረማችሁ? ጎንደር አራዳ ላይ ፍሪጅና ፍሪዘር ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው የብዙ ሰው ችግር ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሰዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ልጄ። የምኖረው ማራኪ ነው። ስድስት መሳቢያ ያለው ቋሚ ፍሪዘር አለኝ። ድሮ ያስገባሁትን ሁሉ ድንጋይ ያደርገው ነበር። አሁን የላይኞቹ ሁለት መሳቢያዎች ቅቤ እንኳ አያጠነክሩም። ከታች ደግሞ በረዶው መሳቢያውን አላስወጣም ብሏል። ሞተሩ ሌት ተቀን አያርፍም። ሁለት ጊዜ «ጋዝ አልቋል» ተብዬ አስሞላሁ። በየጊዜው ሁለት ወር ይሠራና ያው ይሆናል። ለሦስተኛ ጊዜ ላስሞላ ወይስ ልሽጠው?

መልስ፦ እናቴ፣ አይሽጡት። ጋዝም ገና አያስሞሉ።

የፍሪዘር ጋዝ እንደ መኪና ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል፣ ተመልሶ ይመጣል። ቀዳዳ ከሌለ ሃያ ዓመትም ቢሆን እዚያው ነው። ስለዚህ «ጋዝ አልቋል» ያለዎት ሰው ቀጥሎ «የሚያፈሰው እዚህ ጋ ነው» ብሎ ማሳየት አለበት። ቀዳዳውን ሳይደፍን ከሞላ በተሰነጠቀ እንስራ ውሃ እንደመቅዳት ነው።

ደብዳቤዎን ሳነብ ግን የጠረጠርኩት ሌላ ነገር ነው። ጋዝ ሊሞላ የመጣ ሰው መጀመሪያ ፍሪዘሩን ነቅሎ በረዶውን ያቀልጠዋል። ሁለት ወር የሠራልዎት ጋዙ ሳይሆን የበረዶው መቅለጥ ሊሆን ይችላል። እንደርስዎ ባለው ፍሪዘር ቧንቧው የሚያልፈው በመደርደሪያዎቹ ነው። የሚያቀዘቅዘው መደርደሪያው ራሱ ነው ማለት ነው። በረዶ ሲጋገርበት ጋቢ እንደደረበ ይሆናል፤ ቅዝቃዜው ወደ ሥጋው አይደርስም። ሞተሩም እረፍት ያጣል።

በረዶው ከየት መጣ? ከበሩ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። ቋሚ ፍሪዘር ሲከፍቱ እግርዎን ብርድ ብርድ የሚለው ለዚህ ነው፤ ቅዝቃዜው ወደ መሬት ይፈስሳል። በላይ በኩል ደግሞ የወጥ ቤቱ ሞቃት አየር እርጥበቱን ይዞ ይገባል። የበሩ ጎማ ላይኛው ጥግ ላይ ትንሽ ከሳሳ ይኸው ነገር ቀንና ሌሊት ይቀጥላል። የላይኞቹ መሳቢያዎች የደከሙት ከዚህ ሊሆን ይችላል።

አሁኑኑ ይሞክሩት። አንድ የብር ኖት በበሩና በጎማው መሃል አድርገው ይዝጉ፣ ከዚያ ይሳቡት። ያዝ ካደረገው ደህና ነው። ሸርተት ብሎ ከወጣ አየር የሚገባው በዚያ ነው። አንድ ቦታ ብቻ አይሞክሩ፤ ዙሪያውን በየስንዝሩ ይሂዱበት። ማጠፊያው ያለበትን ጎንም አይርሱ።

ብዙ ጊዜ ጎማው አልተበላሸም፤ ቆሽሿል እንጂ። በእጥፋቱ ውስጥ የቅቤ ርዝራዥና በርበሬ ይደርቅበታል። ለብ ባለ ውሃና ሳሙና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠቡት። የተጣመመውን ቦታ በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ይያዙት፣ ይለሰልሳል። ሲደርቅ ቫዝሊን ስስ አድርገው ይቀቡት። የፊት እግሮቹንም ትንሽ ከፍ ያድርጓቸው፤ በሩ በራሱ ክብደት ይዘጋል። ጎማው ከተቀደደ ጎማውን ብቻ ያስቀይሩ።

ከዚያ በረዶውን ያቅልጡ። እባክዎን በቢላ አይንኩት! አንድ ዓመት ለጥምቀት ሰሞን አንዲት እናት ፍሪዘራቸውን አስጭነው መጡ። እንግዳ ሊመጣባቸው ነው፣ በረዶውን በቢላ ሲፈነቅሉ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ሰሙ። ቧንቧው ተበስቶ ጋዙ ወጥቶ አልቋል። በቀዳዳው እርጥበትም ገብቶበታል። እንዲህ ዓይነቱ ጉዳት ለመጠገን አስቸጋሪ ነው። ሴትዮዋ ሲያለቅሱ ያየሁትን አልረሳም።

የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። ፍሪዘሩን ይንቀሉ፣ በሩን ይክፈቱ፣ ሙቅ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡ። ሲቀዘቅዝ ይቀይሩት። ፎጣ ከሥር ያንጥፉ። እኔ ደንበኞቼን የምመክረው በዓቢይ ጾም መግቢያ እንዲያቀልጡ ነው። ቅበላ ሲያልፍ ሥጋውም ቅቤውም ተሟጧል፣ ፍሪዘሩ ባዶ ነው። ከዚያ ውጪ በረዶው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ሲሞላ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው።

ካቀለጡ በኋላ በደንብ አድርቀው ባዶውን ያሳድሩት፣ ጠዋት መደርደሪያዎቹን ይዩ። ሁሉም ላይ እኩል ስስ አመዳይ ከወጣ ጋዙ ሙሉ ነው። አንዱ ነጭ ሆኖ ሌላው ባዶ ከሆነ ግን ጋዝ ጎድሎ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ቀዳዳ ፈልጎ የሚደፍን ባለሙያ ይጥሩ። ከጀርባው ያለውን ምልክትም አብራችሁ አንብቡ። «አር 600 ኤ» የሚል ከሆነ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው። በሌላ ጋዝ አይተካም፣ አሠራሩን የማያውቅ ሰውም እሳት ይዞ አይጠጋው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዳንቴል ከላይ ማልበስ ያምራል፣ ችግርም የለውም። እስከ ታች የሚወርድ ልብስ ግን ይቅር። አንዳንዱ ፍሪዘር ሙቀቱን የሚያወጣው በጎኑ ነው። ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ያህል ያርቁት። ጀርባው ላይ ጥቁር ሽቦ ካለ በበጋው አቧራ ይደፈናል፤ ነቅለው በብሩሽ ያራግፉት።

ጥያቄ፦ የኔ «ኖ ፍሮስት» ነው፣ በረዶ አይሠራም ተብዬ ነው የገዛሁት። አሁን የውስጥ ጀርባው ላይ በረዶ ወጥቶ ፋኑ ይንኳኳል። (ከልደታ)

መልስ፦ ፋኑ በረዶ እየመታ ነው። በዚህ ዓይነቱ ፍሪዘር በረዶውን በየጊዜው የሚያቀልጥ ማሞቂያ ከጀርባው ውስጥ አለ። ነቅለህ በሩን ከፍተህ አንድ ሙሉ ቀን አቆየው። ከዚያ ጥቂት ቀን ሠርቶ ተመልሶ ከተጋገረ ማሞቂያው፣ ታይመሩ ወይም ሙቀት ለኪው ተበላሽቷል። በቴስተር ይለያል። ጋዝ ሙላ ካሉህ እሺ አትበል።

ጥያቄ፦ ፍሪዘሬ ማታ ማታ «እምም» ይልና «ጧ» ብሎ ዝም ይላል። መብራት ሲጠፋስ ምግቡ ስንት ሰዓት ይቆያል? (ከአዘዞ)

መልስ፦ እህቴ፣ ማታ ሁሉም ምጣድ ይጥዳል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ ስለዚህ ኃይሉ ይወርዳል። ኮምፕረሰሩ (ሞተሩ) መነሳት አቅቶት ነው የሚያጉረመርመው፤ «ጧ» የሚለው እንዳይቃጠል የሚያቋርጠው መከላከያ ነው። መደበኛው 220 ቮልት ነው። ከ190 በታች ከወረደ ይንቀሉት። መልሶ ለማብራት የሚዘገይ ስታቢላይዘር ይግዙ። ፍሪዘሩንና ምጣዱን በአንድ ዲቫይደር በፍጹም አይሰኩ። መብራት ተመልሶ ሲመጣም አምስት ደቂቃ ይታገሡ፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪስተካከል ነው።

ምግቡ፣ በሩ ካልተከፈተ፣ ፍሪዘሩ ሙሉ ከሆነ 48 ሰዓት ያህል፣ ግማሽ ከሆነ 24 ሰዓት ያህል ይቆያል። ባዶውን ቦታ በውሃ ጠርሙስ ይሙሉት። የፕላስቲክ ይሁን፣ አፍ እስከ ገደፉም አይሙሉት፤ ውሃ ሲረጋ ያብጣል። በረዶ ያልለቀቀው ሥጋ ተመልሶ ቢረጋ ችግር የለውም። ቀልጦ ሞቅ ብሎ የቆየውን ግን ያስወግዱት።

ከቤት ወጥተው ከሰነበቱ መብራት ጠፍቶ እንደነበር የሚያውቁበት መንገድ አለ። በኩባያ ውሃ ፍሪዘሩ ውስጥ ያስቀምጡና በረዶ ሲሆን የአንድ ብር ሳንቲም በላዩ ያድርጉ። ሲመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ ሥጋዎ ደህና ነው። ከሥር ወርዶ ካገኙት ቀልጦ ነበር።