ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የጻፍኩት ቁጥር

የእህቴ ልጅ የነርሲንግ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ባለፈው እሑድ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ እኔ ቤት ቡና እየጠጣን ድንገት ጠየቀችኝ። «አክስቴ፣ ልምምድ የወጣንበት ዋርድ ሌሊት ሌሊት ቫይታል ሳይን፣ ማለት የደም ግፊት፣ ምት፣ ትንፋሽና ሙቀት፣ የሚለካ የለም። ቻርቱ ላይ ቁጥሩ ዝም ብሎ ይሞላል። እኔ ብቻ ብለካ ምን ይለወጣል?»

«መለካት አለብሽ» አልኳት። «እሺ» አለችና ስልኳን አነሳች። ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ለእሷም፣ ለእናንተ ለጓደኞቿም ይህን ጻፍኩ።

እጅ ታጠቡ፣ በሰዓቱ ግቡ፣ የታማሚ ምስጢር ጠብቁ አልላችሁም። እሱን ታውቁታላችሁ።

ጊዜው ጥቅምት 1981 ነው። ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ። ወሩ የወባ ወር ነበር። ዋርዱ ሞልቶ ኮሪደር ላይ ፍራሽ ተነጥፏል። የዚያን ሌሊት ለ34 ሰው ተረኛዋ ነርስ እኔ ብቻ ነበርኩ።

በመስኮቱ በኩል፣ 7 ቁጥር አልጋ ላይ አንዲት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ተኝታለች። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ወባው ስለጠናባት ኩዊኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት በጉሉኮስ ተንጠልጥሎላታል። እናቷ ከገጠር አብራት መጥታ አልጋው ሥር ሰሌን አንጥፋ ታስታምማታለች። የእሷ አማርኛ ጥቂት ነው፤ የእኔም ኦሮምኛ የገበያ ነው። ግን እንግባባለን። ድሬ ላደገ ሰው ይሄ ችግር ሆኖ አያውቅም።

ሌሊት 4 ሰዓት ላይ ለካኋት። ደህና ነበረች። የሚቀጥለው 8 ሰዓት ላይ ነው። 8 ሰዓት ሲሆን ጠረጴዛዬ ጋ ተቀምጫለሁ። እግሬ አብጧል። የደም ግፊት (ቢፒ) መለኪያውን ዋርዱ ጫፍ ጥዬው መጥቻለሁ። እናቲቱ በባዶ እግሯ መጣች። «ሲስተር፣ ላብ አጠመቃት» አለችኝ። ከወንበሬ ሳልነሳ «ትኩሳቱ ሲለቃት ነው። ደህና ናት፣ ተኝታለች» አልኳት። ፊቷ በራ። መርቃኝ ወደ ሰሌኗ ተመለሰች።

ከዚያ ቻርቱን ሳብ አድርጌ ጻፍኩ። ቢፒ 110 በ70። ምት 84። ትንፋሽ 20። ሙቀት 37.2። ነጥቧን እንኳ አልረሳሁም። ከ37 ይልቅ 37.2 የተለካ ይመስላል። ፈረምኩበት።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የመጀመሪያዬ አልነበረም። ከዚያ በፊት ሦስት አራት ጊዜ አድርጌዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ያን ሌሊት ግን ምንም አልተሰማኝም። የእህቴ ልጅ ሞጁል ላይ የአሪስቶትል ትምህርት አለ፤ ሰው ደግ የሚሆነው ደግ ሥራን እየደጋገመ ነው የሚል። ልክ ነው። ወደ ክፋቱም የሚኬደው በዚያው መንገድ ነው። እኔ ሄጄበታለሁ።

10 ሰዓት ላይ እናቲቱ ሮጣ መጣች። እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ልጅቷን ብጠራት አትሰማም። ብቆነጥጣት አትነቃም። አንሶላው ርሷል። ግንባሯ ቀዝቅዟል፤ ምቷ ግን ይጋልባል። ትኩሳት የለቀቀው ሰው ሲጠሩት ይሰማል። 8 ሰዓት ላይ ተነስቼ አንድ ጊዜ እጄን ባሳርፍባት ኖሮ አውቀው ነበር።

ከወንዶች ዋርድ አንድ ሽማግሌ ድሬሰር (የጤና ረዳት) ጠራሁ። ዳሰሳት። «ኩዊኒኑ ነው፤ ስኳሯን ጥሎታል። አርባውን አምጪ!» አለ። ኩዊኒን ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያደርጋል፤ የደም ስኳር ይወርዳል። ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ይብሳል። ይሄን ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም ጽፌዋለሁ። ዛሬ ለጠና ወባ የሚሰጠው አርቲሱኔት ስለሆነ እናንተ ብዙ አያጋጥማችሁም። ያኔ የነበረን ኩዊኒን ነው። ከጣት ደም ወስዶ ስኳር የሚለካ ማሽንም ዋርዳችን አልነበረውም። 40 ፐርሰንቱን ጉሉኮስ በደም ሥሯ ቀስ አድርጎ ገፋላት። ሲሪንጁ ሳያልቅ ዓይኗን ገለጠች። በዓይኗ እናቷን ፈለገች።

ሽማግሌው ቻርቱን አየ። እኔንም አየ። ምንም አላለም።

ስለ እሱ ትንሽ ላውራ። ያልለካውን «አልተለካም» ብሎ ይጽፍ ነበር። ምክንያቱንም ይጨምርበታል፤ «ሌላ በሽተኛ ይዤ ነበር» ይላል። የነርሶች አለቃችን ሜትሮኗ ስንት ጊዜ ተቆጣችው። ዋርዱን ታሰድባለህ ትለው ነበር። ሐኪሞቹ ግን ጠዋት ራውንድ ሲገቡ የእሱን ጽሕፈት ካዩ ደግመው አይለኩም። የእኔንስ ያምኑ ነበር? ያምኑ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያመኝ ይሄ ነው።

ጠዋት ሐኪሙ መጣ። ልጅቷ ስንት ሰዓት ራሷን ስታ እንደቆየች ማወቅ ፈለገ፤ አንጎል ያለ ስኳር ብዙ ከቆየ ይጎዳል። ቻርቱን ገለጠ። «8 ሰዓት ላይ ደህና ነበረች። እንግዲህ ቢበዛ 2 ሰዓት ነው» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ቶሎ ደርሰሽላታል፤ ጎበዝ» አለኝ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

ልጅቷ የወጣች ቀን እናቲቱ ለውዝ በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችኝ። እጄን ሳመችው። ልነጥቃት ብል አልለቅ አለችኝ። ለውዙን ቤት ወስጄ ለእህቶቼ አከፋፈልኩት። ለእኔ አንድ ፍሬ አልወረደልኝም።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ከተማችን በ1895 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ የእኛም ሰፈር አብዛኛው የባቡር ልጅ ነው። አባቴ የፉርጎ ፍሬን ይፈትሽ ነበር። አለቃ ቢጮህ፣ ባቡሩ ቢዘገይ፣ ያልፈተሸው ላይ አይፈርምም። ማታ እጁን በነጭ ጋዝ ሲያጸዳ የነበረው ሽታ አሁንም ይመጣብኛል። ያን ሳምንት ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

የዛሬ ልጆች ስልክ ታበዛላችሁ። ታማሚ እያቃሰተ ቲክቶክ የምታይ ነርስ በዓይኔ አይቻለሁ። ደሜ ፈላ። ግን እኔ ያኔ ስልክ አልነበረኝም፤ ቁጥሩን ከመፍጠር ያገደኝ ነገር የለም። እንዲያውም እናንተ ከእኛ ይበልጥ ትጠይቃላችሁ። በእኛ ጊዜ ማን ደፍሮ አክስቱን እንዲህ ይጠይቃል? ድካም ሰበብ አይሆንም እላለሁ። 34 ሰው ለአንዲት ነርስ መተውም ነውር ነው እላለሁ። ሁለቱንም አምናለሁ፤ እንዴት እንደሚታረቁ ግን እስካሁን አልገባኝም።

የእህቴ ልጅ ያን ቀን በስልኳ አንድ ነገር አሳይታኝ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ጋሉፕ የሚባል ድርጅት በሐቀኝነት የትኛውን ሙያ እንደሚያምን ሕዝቡን በየዓመቱ ይጠይቃል። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነርሶች ለዓመታት አንደኛ ሆነዋል፤ በ2001 ብቻ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቀድመዋቸዋል። ደስ ብሏት ነው ያሳየችኝ። እኔ ትዝ ያለችኝ በባዶ እግሯ የመጣችው እናት ናት። እኔን የት ታውቀኛለች? ያመነችው ነጩን ጋወን ነው። ያን እምነት ከእኔ በፊት የለበሱት ሰዎች ሠርተው አቆዩት፤ እኔ ቁጭ ብዬ በላሁት።

በ1998 ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከተማችንን ሲመታ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ቤት የፈረሰበት ሕዝብ በመጠለያ ተሰበሰበ። እኔም ቁስል ላጥብ ሄድኩ። ወረፋው መሐል አንዲት አሮጊት ትኩር ብላ አየችኝ። እሷ ናት። አጠገቧ አንድ ረጅም ጎረምሳ ቆሟል። እናቱ ለሥራ ጅቡቲ ሄዳለች አሉኝ። አሮጊቷ ትከሻውን ይዛ ወደ እኔ ገፋችው። «ይቺ ናት!» አለች በኦሮምኛ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «አንተም እናትህም የተረፋችሁት በዚህች እጅ ነው።»

ልጁ ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመ። ክንዱን ቆርቆሮ ቆርጦታል። አጠብኩለት፤ የቲታነስ መርፌ ወጋሁት። ከዚያ ቢፒውን ለካሁ። ለቁስሉ አያስፈልግም ነበር፤ ግን ለካሁት። የወጣውን ቁጥር ጻፍኩ። ለአሮጊቷ ግን አልነገርኳትም። ወረፋው ረጅም ነው አልኩ ለራሴ።

እሑድ ዕለት «መለካት አለብሽ» ብዬ ያለፍኩት መልስ አጥቼ አይደለም፣ የእኔ ልጅ። ጎረቤቶች ነበሩ፤ አፍሬ ነው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። እናትሽም የምታውቀው ለውዙን ብቻ ነው።