መልስ፦ ፍቅሬን ፕሮፖዛሉ ላይ እንዴት ልግለጸው ላልከው

«ለአዘዞው የንባብ ክፍል ሦስቴ ፕሮፖዛል አስገብቼ ተመለሰብኝ፣ ለስራው ያለኝን ፍቅር በደንብ ስላልገለጽኩ ይሆን ወይ» ላልከው፣ አይመስለኝም። ፍቅርህን መግለጹን ተወውና የሰራኸውን ጻፍ። «ለህጻናት ልዩ ፍቅር አለን» የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል፣ አንተ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን የምትከፍተው ራስህ ስለሆንክ ስንት ልጅ እንደሚመጣ፣ ክረምት ላይ ስንቱ እንደሚቀር፣ ወንበሩን ከማን ለምነህ እንዳመጣኸው ታውቃለህ፣ ብሩን የሚሰጡት ሰዎች ፍቅርህን የሚያዩት እዛ ውስጥ ነው።

1. ከአንድ ልጅ ጀምር (ስሙን ቀይረው)፣ ሲመጣ ምን ማንበብ ያቅተው ነበር፣ አሁንስ።
2. ከዛ ብሩ ምን ላይ እንደሚውል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪን ከድርጅቱ ገቢ 20 ፐርሰንት ላይ ነው የገደበው፣ በጀትህ ላይ ያለው የአስተዳደር ወጪ ከዛ ካለፈ ምንም ቢወዱህ ይጥሉታል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እኔ እዚሁ ጎንደር ላይ ለሴቶች ማታ ትምህርት ብር ስጠይቅ እያወራሁ እንባዬ መጣ፣ ሁሉም አዘኑልኝ፣ ከዛ አንዷ «አንቺ ብትታመሚ ማን ያስተምራል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ብሩም ቀረ። ለካ ስራው በሙሉ እኔ ላይ ብቻ እንደተንጠለጠለ ነው ያየችው፣ ልክም ነበረች። በዓመቱ ሁለት በጎ ፈቃደኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይዤ ሄጄ ግማሹን እነሱ አስረዱ፣ ያኔ ተሰጠን። አንተም ብቻህን አትሂድ ወንድሜ።